ዳግም የሚዋቀሩ የአናሎግ የተዋሐዱ ዑደቶች፦ አመጣጣቸው፣ አሠራራቸውና ለትምህርት የሚሰጡት ቁም ነገር

መግቢያ

የሳይንስ ትምህርት መሠረተ ሐሳቡን ከመሣሪያው ለይቶ ካላየ፣ መሣሪያው ባረጀ ቁጥር ትምህርቱም አብሮ ያረጃል። በኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ ይህን በግልጽ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የአናሎግ ዑደት ታሪክ ነው። ዘመኑ አልፎበታል ተብሎ ከብዙ ቦታ የተወገደው ይህ የአሠራር ዘዴ፣ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ በአንዲት የሲሊከን ቁራጭ ላይ በሌላ መልክ ተመልሶ መምጣቱ ለመምህራንም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

ድምፅ፣ ሙቀት፣ ግፊትና ብርሃን ያለ መቋረጥ ከፍና ዝቅ የሚሉ መጠኖች ናቸው። ይህንኑ ከፍታና ዝቅታ በቮልቴጅ ወይም በኮረንቲ መጠን አስመስሎ የሚሸከም ዑደት አናሎግ ይባላል። መጠኑን ወደ ቁጥር ለውጦ በ0 እና በ1 ብቻ የሚሠራው ደግሞ ዲጂታል ነው። ዳግም የሚዋቀር የአናሎግ የተዋሐደ ዑደት የሚባለው፣ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ብየዳ ሳያስፈልገው የውስጥ ግንኙነቱ በትእዛዝ ብቻ እየተቀየረ ዛሬ ማጉያ፣ ነገ ማጣሪያ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሒሳብ ማስያ ሊሆን የሚችል የሲሊከን ቁራጭ ነው።

የዚህን ዑደት አመጣጥ ለመረዳት በየዘመኑ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይበቃል። ግንኙነቱን የሚቀይረው ማን ነው? በምን ይቀይረዋል? ለመቀየርስ ምን ዋጋ ይከፈላል? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የዘንግና የጎማ ዘመን

በ1876 ሎርድ ኬልቪን በመባል የሚታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን፣ ወንድሙ ጄምስ ቶምሰን የፈለሰፈውን ማጠራቀሚያ መሣሪያ እርስ በርሱ በማያያዝ ከባድ የሒሳብ ጥያቄዎችን በመኪና መፍታት እንደሚቻል አመለከተ። ማጠራቀም ማለት በዚህ አገባቡ በካልኩለስ ኢንቴግሬሽን የሚባለው ስሌት ነው። ከጣራ የሚወርድ የዝናብ ውሃ ወደ በርሚል ሲገባ፣ ፍሰቱ አንዳንዴ ቢበረታ አንዳንዴም ቢደክም፣ በርሚሉ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ያለፈውን ፍሰት ሁሉ ደምሮ ያሳያል። የጄምስ ቶምሰን መሣሪያ ይህንኑ በሚሽከረከር ሳህንና በኳስ ይፈጽም ነበር። ይሁን እንጂ የአንዱ መሣሪያ ውጤት ቀጣዩን ለማሽከርከር ጉልበት ስላልነበረው ሐሳቡ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ቀረ።

ችግሩን ያቃለለው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ ነው። ቡሽና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1931 የጨረሱት ዲፈረንሻል አናላይዘር የተባለ መኪና ስድስት ማጠራቀሚያዎች ነበሩት፤ ደካማውን የመሽከርከር ጉልበት የሚያበረታ መሣሪያም ተጨምሮለት ነበር። ለእያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ግን ዘንጎቹንና ባለ ጥርስ ጎማዎቹን በመፍቻ ፈትቶ እንደ ገና መግጠም ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ዝግጅቱ ብቻ ቀናት ይፈጅ ነበር። የግንኙነቱ ለዋጭ የሰው እጅ፣ መለወጫው መፍቻ፣ ዋጋውም የሥራ ቀን ነበር ማለት ነው።

ለመምህራን ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ክንውን በዚሁ ዘመን ተፈጽሟል። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዳግላስ ሃርትሪ የተባለው ፕሮፌሰርና ተማሪው አርተር ፖርተር በ1934 የዚህን መኪና ምሳሌ ሜካኖ ከተባለው የልጆች መጫወቻ ቁርጥራጭ ሠሩ። ወጪው 20 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር። ይህ መጫወቻ መሰል ሞዴል እውነተኛ የፊዚክስ ጥያቄዎችን ለመፍታት አገልግሏል። ትልቁ መኪና በቀጣዩ ዓመት የተሠራው ትንሹ መንገዱን ካሳየ በኋላ ነው።

ወደ ዛሬው ዑደት የሚያደርሰው ሌላ እርምጃ በ1942 የተጠናቀቀው የሮክፌለር ዲፈረንሻል አናላይዘር ነው። መቶ ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መኪና 2000 ያህል የቫኪዩም ቱቦዎችና 150 ሞተሮች ነበሩት። ትልቁ አዲስ ነገሩ ግን በማጠራቀሚያዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት በመፍቻ ሳይሆን፣ በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ዓይነት ስዊቾች አማካይነት ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ በሚነበብ ትእዛዝ መቀየሩ ነበር። የሚሠራው ክፍል አናሎግ፣ አዛዡ ግን በቀዳዳ መኖርና አለመኖር የሚገለጽ ትእዛዝ ሆነ። ከዚህ በኋላ የመጣው ዳግም የሚዋቀር የአናሎግ ዑደት ሁሉ የሚከተለው ይህንኑ የሥራ ክፍፍል ነው።

2. ማጉያና የሽቦ ሰሌዳ

በነሐሴ 1927 የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ ወደ ሥራው ለመሄድ የሃድሰንን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር አንድ ሐሳብ መጣለትና በያዘው ጋዜጣ ላይ ጻፈው። የማጉያን ውጤት ከፊሉን ወደ መግቢያው በተቃራኒ አቅጣጫ መመለስ የማጉላቱን ኃይል ይቀንሳል፤ በምትኩ ግን የማጉያው ጠባይ የተረጋጋና የታመነ ይሆናል የሚል ነበር። ጉልበትን ለመቀነስ ማጉያ መሥራት ለብዙዎች የማይታመን ሆኖ ስለ ታያቸው፣ የፈጠራ መብቱ የተሰጠው በ1937 ነበር።

ይህ መሠረተ ሐሳብ ስለ ዳግም መዋቀር ለሚነገረው ሁሉ ቁልፍ በመሆኑ በምሳሌ መግለጽ ይገባል። መግቢያው ላይ የደረሰውን ቮልቴጅ መቶ ሺህ ጊዜ የሚያጐላ መሣሪያ አለ እንበል። በመግቢያው በኩል 10 ሺህ ኦም፣ ከውጤቱ ወደ መግቢያው በሚመለሰው መንገድ ደግሞ 100 ሺህ ኦም ሬዚስተር ቢደረግ ጠቅላላው ዑደት የሚያጐላው 10 ጊዜ ብቻ ይሆናል። ይህም የሚወሰነው በሁለቱ ሬዚስተሮች ንጽጽር እንጂ በማጉያው አይደለም። ማጉያው ቢያረጅና ጉልበቱ በግማሽ ቢቀንስ ውጤቱ አይናወጥም ለማለት ይቻላል። በመመለሻው መንገድ በሬዚስተሩ ፈንታ ካፓሲተር ቢገባ ደግሞ ያው ማጉያ፣ ልክ እንደ በርሚሉ፣ የሚያጠራቅም መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ማጉያው የሚሠራውን ሥራ የሚወስኑት ጐረቤቶቹ ናቸው። ጐረቤቶቹን መቀየር ከተቻለ ሥራውን መቀየር ይቻላል።

በ1947 ጆን ራጋዚኒና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ይህን ዓይነቱን ማጉያ ኦፐሬሽናል አምፕሊፋየር ሲሉ ሰየሙት፤ በአማርኛ የስሌት ማጉያ ሊባል ይችላል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት የአናሎግ ኮምፒዩተሮች በእነዚህ ማጉያዎች የተሞሉ ነበሩ። ከፊታቸውም ብዙ ቀዳዳ ያለው የሽቦ ሰሌዳ ነበር። ተጠቃሚው አጫጭር ሽቦዎችን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሰካ ማጉያዎቹን ያገናኛል፤ ሰሌዳው ሊነቀል የሚችል በመሆኑም አንዱ ጥያቄ እንደ ተሰካ ተቀምጦ ሌላው ሊተካ ይችል ነበር። የቀናቱ ዝግጅት ወደ ሰዓታት ወረደ።

የሽቦው ሰሌዳ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ነበር። ተማሪው የሚሰካው እያንዳንዱ ሽቦ በሒሳቡ ውስጥ ያለ አንድ ግንኙነት ስለሆነ፣ የሰሌዳው መልክና የጥያቄው መልክ አንድ ነበር። በ1970ዎቹ የዲጂታል ኮምፒዩተር ፍጥነት ሲጨምርና ዋጋው ሲወርድ እነዚህ መኪናዎች ከየላቦራቶሪው መውጣት ጀመሩ፤ ከእነሱም ጋር ሒሳብን በእጅ ነክቶ የመረዳት ልማድ እየተዳከመ ሄደ።

3. የተዋሐደ ዑደትና የሬዚስተር ችግር

በ1958 ጃክ ኪልቢ፣ በ1959 ደግሞ ሮበርት ኖይስ ብዙ ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ላይ የማዋሐድን ዘዴ አስገኙ። ቦብ ዊድላር በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያዎቹን ታዋቂ የተዋሐዱ የስሌት ማጉያዎች ነደፈ፤ በ1968 ደግሞ ዴቭ ፉላጋር የነደፈው 741 የተባለው ማጉያ በዓለም ዙሪያ ለትምህርትም ለሥራም ተስፋፋ። ማጉያው ከጥፍር ያነሰ ቢሆንም ጐረቤቶቹ የሆኑት ሬዚስተርና ካፓሲተር ግን ከውጭ ነበሩ።

ለምን እነሱም አብረው አልተዋሐዱም? በሲሊከን ላይ የሚሠራ ሬዚስተር ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ መጠኑም ከታሰበው 20 በመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ካፓሲተሩም በራሱ አቅጣጫ ይዛነፋል። የማጣሪያ ዑደት ድግግሞሽ የሚወሰነው በሁለቱ ብዜት በመሆኑ ስሕተቱ ይደራረባል።

መፍትሔው ከአሮጌ መጽሐፍ የተገኘ ያህል ነበር። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1873 ባሳተመው የኤሌክትሪክና የማግኔት ድርሳኑ፣ በየጊዜው የሚሞላና የሚራገፍ ካፓሲተር እንደ ሬዚስተር ሊቆጠር እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ከሁለት የውሃ ጋኖች አንዱ የሞላ፣ ሌላው የጐደለ ነው እንበል። በመካከላቸው ቀጭን ቧንቧ ከመዘርጋት ይልቅ አንድ ሰው በጣሳ እየቀዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢገለብጥ፣ በሰዓት የሚሄደው ውሃ በጣሳው ስፋትና በምልልሱ ብዛት ይወሰናል። ቧንቧው ሬዚስተር፣ ጣሳው ካፓሲተር፣ ሰውዬው ደግሞ ስዊች ነው። በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ የሚመላለስ የ1 ፒኮፋራድ ካፓሲተር 10 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተርን ይተካል።

ይህ ዘዴ በ1970ዎቹ፣ በተለይም በ1977 በወጡ ጥናቶች፣ በሲሊከን ላይ በተግባር ዋለ። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአንድ ቁራጭ ላይ ጐን ለጐን የሚሠሩ ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው ከታሰበው ቢዛነፉም አብረው ስለሚዛነፉ፣ የአንዱ ለሌላው ያለው ንጽጽር እስከ 0.1 በመቶ ድረስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ይህም በአንድ ቅርጽ ከወጡ ጡቦች ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛ፣ የምልልሱ ፍጥነት ሲቀየር ሬዚስተሩም የተቀየረ ያህል ይሆናል። በፋብሪካ የታተመ ዑደት ጠባዩን በውጭ ትእዛዝ የሚለውጥበት በር እዚህ ላይ ተከፈተ።

4. ትእዛዝ የሚቀበል ስዊች

በ1985 ዛይሊንክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤክስሲ2064 የተሰኘ፣ 64 የሎጂክ ክፍሎች ያሉትና ተጠቃሚው እንደ ፈለገ የሚያዋቅረው የዲጂታል ዑደት ለገበያ አቀረበ። ለአናሎግስ ለምን እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። በ1988 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ማሲሞ ሲቪሎቲ፣ በ1991 ደግሞ በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሊና ግሌን ጉላክ በጥናት ጽሑፎቻቸው ምላሽ ሰጡ። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኤፍ.ፒ.ኤ.ኤ. በመባል የሚታወቀው፣ በተጠቃሚው እጅ የሚዋቀር የአናሎግ ድርድር የሚለው ስያሜም ከዚሁ ጊዜ ጀምሮ ተለመደ።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በቁራጩ ላይ እያንዳንዳቸው ማጉያ፣ ካፓሲተርና ስዊች የያዙ ብዙ አንድ ዓይነት ክፍሎች በመደዳ ይሠራሉ። በመካከላቸው እንደ ከተማ መንገድ የሚተላለፉ ሽቦዎች ይዘረጋሉ። ሽቦ ከሽቦ በሚገናኝበት መስቀለኛ ሥፍራ ትራንዚስተር ስዊች ይቀመጣል። እያንዳንዱን ስዊች የምታዝ አንዲት የማስታወሻ ሕዋስ አለች፤ 1 ከተጻፈባት ስዊቹ ይገናኛል፣ 0 ከተጻፈባት ይለያያል። ካፓሲተሮቹም ከትናንሽ ካፓሲተሮች የተጣመሩ በመሆናቸው መጠናቸው በዚሁ መንገድ ይወሰናል። እንግዲህ አንድ ረድፍ የ0 እና የ1 ትእዛዝ ማለት አንድ የተሰካ የሽቦ ሰሌዳ ማለት ነው።

ነገር ግን የአናሎጉ ድርድር እንደ ዲጂታሉ በቀላሉ አልተስፋፋም። ምክንያቱን የቤተ ክህነት ትምህርት ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የብራና ጽሑፍ ሲገለበጥ ፊደሉ ትንሽ ቢንጋደድ አንባቢው "ሀ"ን "ሀ" ብሎ ያነበዋል፤ ቀጣዩም ጸሐፊ አስተካክሎ ይጽፈዋል። ዜማ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የድምፁ ጥቂት መዛነፍ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ዲጂታል ዑደት እንደ ፊደል፣ አናሎግ ዑደት እንደ ዜማ ነው። ስዊች የሆነው ትራንዚስተር ሲገናኝ የራሱ ሬዚስታንስ፣ ሲለያይም የማይፈለግ ካፓሲታንስ አለው። ዲጂታሉ በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ መልሱ አይበላሽም፤ አናሎጉ ግን በየስዊቹ ሲያልፍ መልእክቱ ራሱ ይዛነፋል። ብዙ ስዊች ብዙ ነፃነት ይሰጣል፤ ብዙ ስሕተትም ያመጣል። በሰዓትና በቀን ይከፈል የነበረው የመቀየር ዋጋ አሁን በጥራት የሚከፈል ሆነ።

5. የገበያው ፈተና

ሞቶሮላ በ1997 ያቀረበው ኤምፒኤኤ020 የተባለው ድርድር 20 ክፍሎች፣ 41 የስሌት ማጉያዎች፣ 100 ትእዛዝ የሚቀበሉ ካፓሲተሮችና 6864 ስዊቾች ነበሩት። ለአንድ ማጉያ ከ160 በላይ ስዊቾች ይደርሱታል ማለት ነው፤ የነፃነትን ዋጋ ይህ አኀዝ በግልጽ ያሳያል። ሞቶሮላ ሥራውን ሲተው አናዲግም የተባለ ኩባንያ በ2000 ተቋቁሞ ቴክኖሎጂውን ቀጠለበት። ይህ ኩባንያ ካስፋፋቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ዑደቱ በአሮጌው ትእዛዝ እየሠራ ሳለ አዲሱ በሌላ ማስታወሻ ተጠባብቆ በአንዲት የሰዓት ምት እንዲተካ ማድረግ ነው። ላቲስ የተባለውም ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኃይል ሲቋረጥ ትእዛዙን የማይረሳ፣ ያለ ምልልስም የሚሠራ ሌላ ዓይነት ድርድር አቅርቦ ነበር፤ በኋላ ግን ምርቱ ተቋረጠ።

ምርቶቹ ገበያ ላይ ያልሰፉት መሠረተ ሐሳቡ ስሕተት ስለሆነ አይደለም። ለአንድ ሥራ ብቻ የተነደፈ ዑደት ርካሽና ጥራት ያለው በመሆኑ ነው። ሁለገብነት የሚጠቅመው ጥያቄው በተደጋጋሚ በሚለወጥበት ቦታ ነው፤ ከእንዲህ ያሉት ቦታዎች አንዱ ቤተ ሙከራና ትምህርት ቤት ነው።

6. ስዊቹ ሠራተኛ ሲሆን

የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1967 ዳዎን ካንግና ሳይመን ዜ በቤል ላቦራቶሪ ተንሳፋፊ በር የተባለውን ትራንዚስተር አስተዋወቁ። በሩ በሁሉም ጐን ኮረንቲ በማያሳልፍ የሲሊከን ኦክሳይድ የተከበበ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ በውስጡ የተቀመጡት ኤሌክትሮኖች ለዓመታት እዚያው ይቆያሉ።

በአሜሪካ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም የጄኒፈር ሃስለር የጥናት ቡድን ከ2002 ጀምሮ ይህን ትራንዚስተር በአናሎግ ድርድር መስቀለኛ ሥፍራዎች ላይ አዋለው። በበሩ ላይ ያለውን የኤሌክትሮን መጠን በጥንቃቄ በመወሰን ስዊቹን ጨርሶ መክፈትና መዝጋት ብቻ ሳይሆን፣ በመካከል ባለ በማንኛውም ደረጃ ማቆየት ተቻለ። በዚህ ደረጃ የሚያልፈው ኮረንቲ በበሩ መጠን የተባዛ ያህል ይሆናል። ብዙ እንዲህ ያሉ ስዊቾች በአንድ ሽቦ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ኮረንቲዎቹ በራሳቸው ይደመራሉ። ወደ አንድ መገናኛ የሚገባው ኮረንቲ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው የሚለው፣ ጉስታፍ ኪርሆፍ በ1845 ያወጣውና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጠናው ሕግ፣ እዚህ ላይ የመደመርን ስሌት ያለ ምንም መሣሪያ ይፈጽማል። እስከዚያ ድረስ መልእክት አበላሽ ተብሎ ይፈራ የነበረው ስዊች ራሱ አስሊ ሆነ።

ቡድኑ በ2016 ባሳተመው ጥናት አናሎግና ዲጂታል ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ያጣመረ ድርድር የተነገሩ የትእዛዝ ቃላትን ለመለየት የፈጀው ኃይል 23 ማይክሮዋት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ሚሊዮን ማይክሮዋት አንድ ዋት መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ፣ በትንሽ ባትሪ ለረጅም ጊዜ መሥራት ለሚገባቸው መሣሪያዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገነዘባል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ መፍቻው፣ የተበሳው ጥብጣብ፣ የሽቦው ሰሌዳና ተንሳፋፊው በር እየተፈራረቁ ሲመጡ፣ ማጠራቀም፣ መመለስ፣ ማባዛትና መደመር የተባሉት መሠረቶች አልተለወጡም። የብላክ ሐሳብ፣ የማክስዌል ካፓሲተርና የኪርሆፍ ሕግ ዛሬም በቁራጩ ውስጥ ይሠራሉ። በመሆኑም ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ኩባንያ ምርት ላይ ቢመሠረት ምርቱ በተቋረጠ ጊዜ መጽሐፉም መሣሪያውም አብረው ይወድቃሉ፤ በመሠረቶቹ ላይ ቢገነባ ግን በዕቃው መለወጥ አይናጋም።

ሁለተኛ፣ ሽቦው ከዓይን በተሰወረ መጠን የመምህሩ ኃላፊነት ይጨምራል። በሰሌዳው ላይ ሽቦ የሰካ ተማሪ ያደረገውን ያይ ነበር፤ በትእዛዝ ብቻ ዑደት የሚያዋቅር ተማሪ ግን ውጤቱን አግኝቶ ምክንያቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቁራጩ ከመሄድ አስቀድሞ አንድ ማጉያ፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና አንድ ካፓሲተር በእጅ አገናኝቶ ጐረቤት ሲቀየር ሥራ እንደሚቀየር ማየት ይገባዋል። ሁለት ባልዲና አንድ ጣሳ ያለው መምህር ደግሞ የተመላላሹን ካፓሲተር አሠራር ያለ ኤሌክትሪክ ሊያስረዳ ይችላል። የማንቸስተሩ የመጫወቻ መኪና ያረጋገጠው፣ ጥሩ ሞዴል በጥቂት ገንዘብ መሠራት እንደሚችል ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቅድ አውጪ አንድን የዕውቀት ዘርፍ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ከመሠረዙ በፊት፣ ያረጀው ዕቃው ነው ወይስ ሐሳቡ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የአናሎግ ኮምፒዩተሮች ከየላቦራቶሪው ሲወጡ ያረጀው ዕቃው ነበር። ሐሳቡ ግን በሰላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ፣ የሚቀበለው ዝግጁ ሆኖ የተገኘው መሠረቱን ሳይጥል የቆየው ብቻ ነው።